ብርማ የሲኒማ ሸራ፦ ምንነቱ፣ አሠራሩ፣ መለያውና አጠባበቁ

መግቢያ

ይህ ጽሑፍ በቀድሞ ሲኒማ ቤቶች ተወጥሮ ስለሚገኘውና ገጹ በብረት ዱቄት ስለተቀባው የፊልም ማሳያ ሸራ አጠቃላይ መረጃ ይሰጣል። የተዘጋጀውም የቆየ ሲኒማ ቤት ወይም የስብሰባ አዳራሽ በባለቤትነት፣ በኪራይ ወይም በኃላፊነት ለያዙ፣ እድሳት ላሰቡ፣ አዲስ ሸራ ለመግዛት ለሚያቅዱ ትምህርት ቤቶችና የወጣት ማዕከላት፣ እንዲሁም ስለ ጉዳዩ ማወቅ ለሚፈልጉ ዜጎች ሁሉ ነው።

ጉዳዩ ጥንቃቄ የሚሻው በአንድ ዐቢይ ምክንያት ነው። አሮጌ ብርማ ሸራ የፕሮጀክተር ብርሃን ሳያርፍበት ሲታይ ግራጫ፣ የደበዘዘና የቆሸሸ ጨርቅ ይመስላል። በዚህም የተነሳ አዳራሽ ሲታደስ መጀመሪያ ከሚጣሉት ወይም ነጭ ቀለም ከሚለቀለቁት ዕቃዎች አንዱ ይሆናል። ሊያጸዱት አስበው በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውሉትም አሉ። በዚህ መንገድ የተበላሸ ገጽ ወደ ነበረበት ሊመለስ አይችልም። ስለሆነም ማናቸውንም ሥራ ከመጀመር በፊት ሸራው ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ይገባል።

1. የብርማ ሸራ ትርጉም

ብርማ ሸራ ማለት ከፕሮጀክተር የሚመጣውን ብርሃን ወደ ተመልካቹ አጠናክሮ እንዲመልስ ገጹ በደቃቅ የብረት ቅንጣት የተቀባ የሲኒማ ሸራ ነው። በመጀመሪያዎቹ የሲኒማ ዘመናት እጅግ ከመለመዱ የተነሳ በብዙ አገሮች «ብርማው ሸራ» የሚለው አነጋገር ራሱን የፊልም ጥበብን መጥሪያ ሆኖ ቀርቷል።

ስሙ ብርን ቢጠቅስም በአብዛኞቹ ሸራዎች ላይ የሚገኘው ብረት አሉሚኒየም ነው። ንጹሕ ብር በአየር ውስጥ ካሉ የድኝ ውህዶች ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ በቤቱ የብር መስቀል፣ ድሪ ወይም አምባር ያለው ሰው ሁሉ ይህንን ያውቃል። ጌጥ ሲጠቁር ተወልውሎ ይመለሳል፤ በጨርቅ ላይ የተቀባ ስስ ቅብ ግን መወልወልን አይችልም። አሉሚኒየም በአንጻሩ አየር ሲነካው ወዲያውኑ በስስና ብርሃን በሚያሳልፍ የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚሸፈን አንጸባራቂነቱ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። በዋጋም ከብር እጅግ የረከሰ ነው።

አንባቢው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን እንዳያደባልቅ ያስፈልጋል። የፊልሙ ጥቅልል ራሱ የሚሠራው ብርሃን በሚነካቸው የብር ውህዶች ነው፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የሚታየው ጥቁር ምስልም ከእውነተኛ ብር የተሠራ ነው። ይህ ብር በፊልሙ ውስጥ ያለ እንጂ ሸራውን «ብርማ» ያሰኘው አይደለም።

2. አጭር ታሪክ

የሉሚየር ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 በፓሪስ ግራንድ ካፌ ለከፋይ ተመልካች ፊልም ሲያሳዩ የተጠቀሙት ተራ ጨርቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ደግሞ እጅግ ግዙፍ ሸራ ሰቅለው በውሃ ያረጥቡት ነበር። እርጥብ ጨርቅ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሸራው ፊትም ከኋላም የተቀመጠው ሕዝብ ምስሉን ማየት ይችል ነበር።

በዚያ ዘመን ዋናው ችግር የብርሃን እጥረት ነበር። ፕሮጀክተሮቹ የሚጠቀሙት በጋለ ኖራ በሚሠራ መብራት ወይም በሁለት የካርቦን ዘንጎች መካከል በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ቅስት ነበር። የሚገኘው ብርሃን ውስን በመሆኑ አዳራሹ በሰፋ፣ ተመልካቹም በበዛ ቁጥር ምስሉ እየደበዘዘ ይሄድ ነበር። መብራቱን ማጉላት ካልተቻለ የቀረው አማራጭ ሸራው የሚመልሰውን ብርሃን ወደሚፈለገው አቅጣጫ መሰብሰብ ነው። በዚህ ምክንያት በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርተ ዓመታት ሸራዎችን በብረት ቀለም መቀባት ተስፋፋ። የቀድሞዎቹ አዳራሾች ብዙዎቹ ጠባብና ረጃጅም ስለነበሩም ተመልካቹ ከሸራው ፊት ለፊት ይቀመጥ ነበር፤ ይህ አቀማመጥ ለብርማ ሸራ የተመቸ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1927 «ዘ ጃዝ ሲንገር» የተባለው ፊልም ከታየ በኋላ ድምፅ ያለው ሲኒማ ሲስፋፋ ድምፅ ማጉያዎች ከሸራው ጀርባ እንዲቀመጡ ተደረገ። ድምፁ እንዲያልፍ ሸራው በሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ተበሳ። ቀዳዳዎቹ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ስላላቸው ከተመልካች ወንበር አይታዩም፤ ሆኖም ጥቂት ብርሃን በእነርሱ በኩል ይባክናል።

ከጊዜ በኋላ የካርቦን መብራቶች እየጠነከሩ፣ በ1950ዎቹም የዜኖን መብራት እየተተካ ሲመጣ (እ.ኤ.አ.) የብርሃን እጥረቱ ቀለለ። ከየአቅጣጫው እኩል የሚታየው ነጭ ሸራም የአብዛኛው ሲኒማ ቤት ምርጫ ሆነ። ቢሆንም ብርማ ሸራ ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጥቷል።

የመጀመሪያው ምላሽ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የታየው «ብዋና ዴቭል» በጎረቤታችን በኬንያ፣ በጻቮ የባቡር ሐዲድ ሠራተኞችን ይበሉ በነበሩ አንበሶች ታሪክ ላይ የተመሠረተ ባለ ሦስት አውታር (ስሪዲ) ፊልም ነው። ይህንና መሰል ፊልሞችን ለማሳየት ብረታማ ገጽ ያለው ሸራ ግዴታ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በሲኒማስኮፕ ስልት የቀረበው «ዘ ሮብ» ደግሞ ምስሉን ከቀድሞው እጅግ አሰፋው። ያው መብራት ሰፊ ገጽ መሸፈን ስላለበት ስልቱን ያስተዋወቀው ድርጅት አንጸባራቂና በመጠኑ ጎበጥ ያለ ሸራ አብሮ አቀረበ።

ሁለተኛው ምላሽ የዲጂታል ሲኒማ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ዲጂታል ስሪዲ ሲጀመር፣ በተለይም በ2009 «አቫታር» ከታየ በኋላ፣ በርካታ ሲኒማ ቤቶች ነጩን ሸራ አውርደው ብርማውን መልሰው ሰቅለዋል።

3. በአገራችን

ተንቀሳቃሽ ምስል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያ ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ መጥራቱ በጨለማ ክፍል ውስጥ በጨርቅ ላይ የሚንቀሳቀስ ሰው ማየት ምን ያህል እንዳስደነገጠው ያመለክታል። ድንጋጤው ብዙም ሳይቆይ በፍቅር ተለወጠ። በፋሺስት ኢጣልያ ወረራ ዓመታት የሲኒማ ቤቶች ቁጥር ጨመረ፤ ከነጻነት በኋላም ሲኒማ የከተሜው መዝናኛ ሆኖ ቀጠለ።

የዛሬው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ትያትር ሕንጻ የተጀመረው በኢጣልያኖች ለሲኒማ ቤትነት ነበር፤ ተጠናቅቆ የተመረቀው በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥና የብር ኢዮቤልዩ ነው። በፒያሳ ሲኒማ ኢትዮጵያና ሲኒማ አምፒር፣ እንዲሁም አምባሳደር፣ የብዙ ትውልድ ትዝታ ያረፈባቸው ስሞች ናቸው። የአሜሪካ የከብት ጠባቂ ፊልሞችና የህንድ ፊልሞች ለሕዝብ የታዩት በእነዚህና በመሰል አዳራሾች ሸራ ላይ ነው።

ስለ ሲኒማ ቤት ቅርስ ሲነሳ ትኩረት የሚሰጠው በአብዛኛው ለሕንጻው ፊት፣ ለደረጃውና ለወንበሮቹ ነው። ሸራው ግን ቤቱ የተሠራበት ምክንያት ነው። የሸራው ዓይነት፣ ስፋት፣ ቀዳዳና የኋላ ማሰሪያ በየትኛው ዘመን ምን ዓይነት ፊልም፣ በምን መሣሪያ ይታይ እንደነበር የሚመሰክር ማስረጃ ነው። በጽሑፍ ያልተመዘገበ የሲኒማ ቤት ታሪክም አንዳንዴ ከዚያ ላይ ይነበባል።

4. አሠራሩ

በኖራ የተቀባ ግድግዳና መስተዋት ጎን ለጎን ሆነው የባትሪ መብራት ቢበራባቸው ልዩነታቸው ግልጽ ነው። የኖራው ግድግዳ ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትነው ከየትም ቦታ ቢታይ ድምቀቱ ተመሳሳይ ነው። መስተዋቱ ግን ብርሃኑን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚመልሰው በዚያ መሥመር ላይ የቆመውን ሰው ዐይን ይወጋል፤ ከመሥመሩ ውጭ ያለው ሰው ምንም አያይም። ነጭ ሸራ እንደ ግድግዳው ነው። ብርማ ሸራ ከሁለቱ መካከል ይቆማል፤ ብርሃኑን በጥቂቱ እየበተነ አብዛኛውን ወደ ፊት ለፊት ይመልሳል።

ይህ ጠባይ የሚለካው «ጌይን» በሚባል ቁጥር ነው። ደብዛዛ ነጭ የሆነ መለኪያ ገጽ ጌይኑ 1.0 ነው። ጌይኑ 2.0 የሆነ ሸራ ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ሁለት እጥፍ ደምቆ ይታያል። በአሁኑ ጊዜ ለስሪዲ የሚመረቱ ብርማ ሸራዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ1.8 እስከ 2.4 ጌይን አላቸው።

ሸራ ብርሃን አያመነጭም። ለመሃሉ የተጨመረው ድምቀት ከጎን ተመልካቾች የተወሰደ ነው። ስለዚህ ጌይኑ በጨመረ ቁጥር ጥሩ ምስል የሚታይበት የመቀመጫ ክልል እየጠበበ ይሄዳል።

የጌይን ጥቅም በቁጥር ሲታይ

ለዲጂታል ሲኒማ የተለመደው የሸራ መሃል ድምቀት በካሬ ሜትር 48 ካንዴላ ነው። አዳራሹ 6 ሜትር በ4 ሜትር፣ ማለትም 24 ካሬ ሜትር የሆነ ሸራ አለው እንበል። ሸራው ላይ መድረስ ያለበት የብርሃን መጠን የሚገኘው ድምቀቱን በሸራው ስፋትና በ3.14 አባዝቶ ለጌይኑ በማካፈል ነው። በዚህ መሠረት፦

- ጌይኑ 1.0 ለሆነ ነጭ ሸራ፦ 3,600 ሉመን ገደማ
- ጌይኑ 2.0 ለሆነ ብርማ ሸራ፦ 1,800 ሉመን ገደማ
- ጌይኑ 2.4 ለሆነ ብርማ ሸራ፦ 1,500 ሉመን ገደማ

ስሌቱ በጨለማ አዳራሽ ለሚታይ ፊልም ነው። በሻጮች ማስታወቂያ ላይ የሚሰፈረው የፕሮጀክተር ሉመን ቀለሙ ከተስተካከለ በኋላ ስለሚቀንስ ከስሌቱ ጠቀም ያለ ትርፍ ይዞ መግዛት ይመከራል።

5. ለስሪዲ ፊልም ለምን ያስፈልጋል?

ስሪዲ ፊልም ለግራና ለቀኝ ዐይን ሁለት የተለያዩ ምስሎችን ያሳያል። በተለመደው ዘዴ እያንዳንዱ ምስል በማጣሪያ ውስጥ አልፎ የብርሃኑ ሞገድ በተወሰነ አቅጣጫ ብቻ እንዲርገበገብ ይደረጋል፤ ይህ ፖላራይዝድ ብርሃን ይባላል። ተመልካቹ የሚያደርገው መነጽር ለእያንዳንዱ ዐይን የተመደበውን ብርሃን ብቻ ያሳልፋል።

ነጭ ሸራ ብርሃኑን ሲበትን ይህንን ሥርዓት ያፋልሰዋል፤ ሁለቱ ምስሎች ተደባልቀው ተመልካቹ ጥላ ያለው ድርብ ምስል ያያል። ብረታማ ገጽ ግን ብርሃኑን ሥርዓቱን እንደጠበቀ ይመልሰዋል። በተጨማሪም ማጣሪያዎቹ ከግማሽ በላይ ብርሃን ስለሚያስቀሩ የብርማው ሸራ ጌይን ይህንን ጉድለት ለማካካስ ይረዳል።

ብርማ ሸራ የማያስፈልጋቸው የስሪዲ ዘዴዎችም አሉ። በባትሪ የሚሠሩና ለእያንዳንዱ ዐይን በየተራ የሚከፈቱና የሚዘጉ መነጽሮች፣ እንዲሁም በቀለም ሞገድ ልዩነት የሚሠሩ መነጽሮች በነጭ ሸራ ላይ ያገለግላሉ። ስለዚህ አዲስ ሸራ ከመግዛት በፊት የፕሮጀክተሩን የስሪዲ ዘዴ ማጣራት አላስፈላጊ ወጪን ያድናል።

6. የብርማ ሸራ ጉድለቶች

ሀ. የመሃል ድምቀት፦ የምስሉ መሃል ከዳርቻው ደምቆ ይታያል። ሸራውን በመጠኑ አጉብጦ መወጠር ይህንን ያቃልላል።

ለ. የጎን ተመልካች ችግር፦ በዳር ወንበሮች የተቀመጠ ሰው የሸራውን አንዱን ወገን ደምቆ፣ ሌላውን ደብዝዞ ያያል።

ሐ. የእንከን መጉላት፦ ጭረት፣ የጣት አሻራ፣ የስፌት መሥመርና መጨማደድ ከነጭ ሸራ ይልቅ ጎልተው ይታያሉ።

መ. ከሌዘር ፕሮጀክተር ጋር አለመስማማት፦ በሌዘር ብርሃን ሲበራበት ምስሉ ላይ ደቃቅ የሚያብለጨልጭ ነጠብጣብ ሊያሳይ ይችላል፤ ይህም በብርማ ሸራ ላይ ከነጭ ሸራ ይብሳል።

በዚህ ምክንያት ለስብሰባ፣ ለትምህርትና ለተራ ፊልም ብቻ የሚያገለግል፣ በተለይም ወርዱ ሰፊ የሆነ አዳራሽ ነጭ ሸራ ቢጠቀም የተሻለ ነው። ብርማ ሸራ ባለበት አዳራሽ ፊልም የሚያይ ተመልካች ደግሞ ከመካከለኛው ረድፍ፣ ከሸራው መሃል ትይዩ ያለውን ወንበር ቢመርጥ ጥሩውን ምስል ያገኛል።

7. አሮጌ ሸራ ብርማ መሆኑን እንዴት መለየት ይቻላል?

የሚከተሉት ዘዴዎች ሸራውን ሳይነኩ የሚከናወኑ ናቸው።

አንደኛ፣ የቀለም ምርመራ። በአዳራሹ ተራ መብራት ሲታይ ብርማ ሸራ ግራጫ፣ ነጭ ሸራ ደግሞ ነጭ ወይም በዕድሜ የቢጫ ቀለም የያዘ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ የእንቅስቃሴ ምርመራ። አዳራሹን አጨልመው በፕሮጀክተር ወይም በጠንካራ የባትሪ መብራት ሸራውን ያብሩ። ከመሃል ወደ ዳር እየተራመዱ ይመልከቱ። ደማቁ ቦታ አብሮዎት ከተንቀሳቀሰ፣ ወደ ዳርም ሲደርሱ ሸራው በግልጽ ከደበዘዘ ሸራው ብርማ ወይም ሌላ አንጸባራቂ ቅብ ያለው ነው።

ሦስተኛ፣ የመነጽር ምርመራ። ሁለት ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽሮች ያስፈልጋሉ። የአንዱን መስተዋት በባትሪ መብራቱ አፍ ላይ ያድርጉና ሸራውን ፊት ለፊት ያብሩ። በሁለተኛው መነጽር መስተዋት በኩል እየተመለከቱ መስተዋቱን በዝግታ ያዙሩት። በሸራው ላይ ያለው የብርሃን ክብ በአንድ አቅጣጫ ላይ በጣም ከጨለመ ገጹ ብረታማ ነው። ምንም ቢያዞሩት ድምቀቱ ካልተለወጠ ሸራው ነጭ ነው። ከሦስቱ ምርመራዎች ይበልጥ አስተማማኙ ይህ ነው።

አራተኛ፣ የቀዳዳና የጀርባ ምርመራ። ቀዳዳ የሌለው ሸራ ከድምፅ ሲኒማ በፊት የተሠራ ወይም ድምፅ ማጉያው በሌላ ቦታ ለነበረ አዳራሽ የዋለ ሊሆን ይችላል። በሸራው ጠርዝና ጀርባ የአምራች ምልክት፣ ቁጥር ወይም ጽሑፍ ካለ ፎቶግራፍ አንስተው ያስቀምጡ።

8. አጠባበቅ

ሊደረጉ የሚገባቸው

- የአዳራሹን አቧራ በየጊዜው ማስወገድ፤ በጽዳት ወቅት ሸራውን በንጹሕ መጋረጃ መከለል።
- የጣሪያ ፍሳሽንና የግድግዳ እርጥበትን አስቀድሞ መጠገን።
- አቧራ ማንሳት ግድ ከሆነ እጅግ ለስላሳና ደረቅ ብሩሽ በመጠቀም፣ ሳይጫኑ፣ ከላይ ወደ ታች ማራገፍ፤ አስቀድሞ በማይታይ ጠርዝ ላይ መሞከር።
- ሸራው መውረድ ካለበት ንጹሕ ጓንት አድርጎ በበርካታ ሰው እገዛ ማውረድና ወፍራም በሆነ ሲሊንደር ላይ በንጹሕ ወረቀት እየለዩ መጠቅለል።
- ከመነካቱ በፊት የሸራውን ልክ፣ አወጣጠርና ይዞታ በፎቶግራፍና በጽሑፍ መመዝገብ።

ሊደረጉ የማይገባቸው

- በውሃ፣ በሳሙና፣ በአልኮል ወይም በመስተዋት ማጽጃ ፈሳሽ መወልወል፤ ቅቡ ይላቀቃል ወይም ዥንጉርጉር ይሆናል።
- በባዶ እጅ መንካት፤ የእጅ ቅባትና ላብ የማይለቅ ምልክት ይተዋል።
- ማጠፍ፤ የታጠፈበት መሥመር ለዘለቄታው ይታያል።
- ከገበያ በተገዛ የብር ቀለም በሮለር ወይም በብሩሽ መቀባት። የብረት ቅንጣቶቹ በእጅ እንቅስቃሴው አቅጣጫ ስለሚሰለፉ እያንዳንዱ የብሩሽ መንገድ በፊልሙ ላይ መሥመር ሆኖ ይታያል። ቀዳዳዎቹም ስለሚደፈኑ ድምፁ ይታፈናል።

9. ለደኅንነት መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

አሮጌ ሲኒማ ቤት ሲከፈት ከሸራው ሌላ አደጋ ያላቸው ነገሮች ሊገኙ ይችላሉ። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ይመረቱ የነበሩ ብዙ የ35 ሚሊሜትር ፊልሞች ናይትሬት ከሚባል ነገር የተሠሩ ናቸው። ናይትሬት ፊልም በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ አንዴ ከተቀጣጠለም ለመቃጠል የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ራሱ ስለሚያመነጭ በውሃ ወይም በማፈን ማጥፋት እጅግ አዳጋች ነው። በመጋዘን ውስጥ ዕድሜያቸው ያልታወቀ የፊልም ጥቅልሎች ከተገኙ፣ በተለይም የሚያጣብቁ፣ ወደ ቡናማ ዱቄት የተለወጡ ወይም ኃይለኛ ሽታ ያላቸው ከሆኑ፣ እሳትና ሲጋራ ማራቅ፣ ሳይከፍቱና ሳያንቀሳቅሱ ባለሙያ መጥራት ይገባል።

የቀድሞ የፕሮጀክተር ክፍሎች እሳት እንዳይዛመት በአስቤስቶስ የተለበጡ ሊሆኑ ይችላሉ። አስቤስቶስ ሲሰበርና ሲቦን ለሳንባ እጅግ ጎጂ ስለሆነ ልባጡን ያለ ባለሙያ ማፍረስ አይገባም።

10. እድሳት ላሰቡ አማራጮች

አሮጌውን ሸራ መጠበቅና ዘመናዊ አገልግሎት መስጠት ሁልጊዜ አይጋጩም። ሦስት አማራጮች አሉ።

የመጀመሪያው ሸራው ደኅና ከሆነ በቦታው ትቶ መገልገል ነው። በተለይ ጠባብ አዳራሽ ውስጥ አሮጌ ብርማ ሸራ በአነስተኛ ፕሮጀክተር እንኳ ጥሩ ምስል ሊሰጥ ይችላል።

ሁለተኛው አሮጌውን በቦታው ትቶ ከፊቱ የሚጠቀለል አዲስ ሸራ መስቀል ነው። ድምፅ ማጉያዎቹ ከኋላ ያሉ ከሆነ ድምፁ በሁለት ሸራ ውስጥ ስለሚያልፍ ሥራው ከመጠናቀቁ በፊት መሞከር አለበት።

ሦስተኛው ሸራውን በጥንቃቄ አውርዶ ከነመረጃው ማስቀመጥ ነው። ይህም ቢሆን ከማስቀመጫው እርጥበት፣ አይጥና የፀሐይ ብርሃን መጠበቅን ይጠይቃል። ሸራው ክፉኛ ተቀድዶ ሙሉውን ማቆየት ካልተቻለ ጠርዙን፣ የአምራቹን ምልክትና ደኅና የሆነ ቁራጭ ማስቀመጥ ሁሉንም ከመጣል ይሻላል።

11. የቅርስ ሕግን በተመለከተ

ዕድሜ ያለው ሸራ ሁሉ ቅርስ አይደለም። ሆኖም ሸራው ወይም የተሰቀለበት ሕንጻ ታሪካዊ ወይም ባህላዊ ዋጋ ሊኖረው ስለሚችል የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ን ማወቅ ይጠቅማል። በአዋጁ መሠረት ቅርስ በመንግሥትም ሆነ በግለሰብ ባለቤትነት ሊያዝ ይችላል። ቅርስ የያዘ ሰው በራሱ ወጪ የመንከባከብና የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገናና የእድሳት ሥራ አስቀድሞ የሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዲያገኝ ይጠበቃል። ወጪው ከባለቤቱ ዐቅም በላይ ሲሆን መንግሥት ከወጪው ከፊሉን ሊረዳ እንደሚችልም ተደንግጓል።

ስለዚህ ሕንጻው በቅርስነት መመዝገቡን የማያውቅ ባለጉዳይ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአካባቢው ወዳለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ማጣራት ይኖርበታል። ሲቀርቡ የሚከተሉትን ይዘው ቢገኙ ጉዳይዎ ይቀላጠፋል፦

- የአዳራሹን አድራሻና የባለቤትነት ወይም የኪራይ ማስረጃ
- የሸራውን፣ የጀርባውንና የአወጣጠሩን ፎቶግራፎች
- የሸራውን ርዝመትና ወርድ በሜትር፣ ቀዳዳ ያለው ወይም የሌለው መሆኑን
- ሊሠራ የታሰበውን ሥራ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ
- በአዳራሹ ይሠሩ ከነበሩ አረጋውያን የተሰበሰበ ታሪክ፣ የቆየ ትኬት፣ ማስታወቂያ ወይም ፎቶግራፍ ካለ

12. ተደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ከሸራው ላይ ብር ማውጣትና መሸጥ ይቻላል?
መልስ፦ አይቻልም። በአብዛኞቹ ሸራዎች ላይ ያለው አሉሚኒየም ነው፤ መጠኑም እጅግ ስስ ስለሆነ በብረትነቱ ዋጋ የለውም። ለዚህ ዓላማ ሸራውን መፋቅ ሸራውን ማጥፋት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌው ሸራችን የ1950ዎቹ ከሆነ ዛሬ ስሪዲ ፊልም ማሳየት እንችላለን?
መልስ፦ ቅቡ ካልተላቀቀና ከላዩ ነጭ ቀለም ካልተቀባ ሊቻል ይችላል። በክፍል 7 የተገለጸውን የመነጽር ምርመራ በሸራው መሃልና በአራቱም ማዕዘን ያድርጉ። በአንዳንድ ቦታ ብርሃኑ የሚጨልም፣ በሌላው የማይጨልም ከሆነ ቅቡ ተጎድቷል።

ጥያቄ፦ ሸራው ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ማንሳት ይቻላል?
መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፤ ላዩን የሚያነሳው ፈሳሽ ሥሩን ያለውን ቅብም ያነሳል። ጀርባውና ጠርዙ ግን አሁንም መረጃ ስለሚሰጡ ከመጣሉ በፊት ይመዝገብ።

ጥያቄ፦ ለትምህርት ቤታችን አዳራሽ የትኛውን ሸራ እንግዛ?
መልስ፦ ተማሪዎች በሰፊው ተዘርግተው የሚቀመጡ ከሆነ ነጭ ሸራ ይመረጣል። አዳራሹ ጠባብና ረጅም፣ ፕሮጀክተሩም ደካማ ከሆነ መጠነኛ ጌይን ያለው ሸራ ይረዳል። ብርማ ሸራ የሚያስፈልገው በፖላራይዝድ መነጽር የሚታይ ስሪዲ ለማሳየት ሲታሰብ ነው።

ማጠቃለያ

ብርማ ሸራ ብርሃን ውድ በነበረበት ዘመን ያለችውን ጥቂት ብርሃን ለብዙ ሰው ለማዳረስ የተገኘ መፍትሔ ነው። ዛሬ በአሮጌ አዳራሽ ውስጥ የተረፈ ሸራ ካለ ደብዝዞ መታየቱ ዋጋ ቢስ መሆኑን አያመለክትም። ባለቤቶችና ኃላፊዎች ከማጽዳት፣ ከመቀባትና ከማውረድ በፊት በክፍል 7 የተዘረዘሩትን ምርመራዎች እንዲያደርጉ፣ ያገኙትንም መዝግበው በአካባቢያቸው ለሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እንዲያሳውቁ ይመከራል።